አሥር ጊዜ ይጻፍ

«ሰውየውን አስረክበኝ አልኩህ!»

«አላስረክብም አልኩህ!»

«እንግዲያው አላስረክብም ብለህ ጻፍና ፈርምበት!»

«ፊርማዬ ይኸውልህ!» አለና ኃይለመለኮት ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ፣ በተዘበራረቁት ወረቀቶች መሃል ጋደም አደረገው።

መቶ አለቃ ሸዋንግዛው ሽጉጡን አየ፤ የሽጉጡንም ባለቤት አየ። ሃያ ሁለት ዓመት በወንጀል ምርመራ ሲሠራ ብዙ ዓይነት ሰው ገጥሞታል። ተጠርጣሪውን ለማነጋገር የቀበሌ ሊቀ መንበር ደጅ መጥናት የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። እስካሁንም አልለመደውም።

«ጓድ ኃይለመለኮት» አለ ድምፁን በግድ ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሞቷል። የሞተውም የአንተው አስተማሪ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ገዳዩን ሬሳው ሳይነሣ የያዝኩት። ፖሊስ ተኝቶ ነበር፤ ቀበሌው ነቅቶ ነበር። የተመታበት ካውያ የማነው? የልብስ ሰፊው የበከር። ሰኞ ዕለት ስለ ኮት ከሽማግሌው ጋር የተጨቃጨቀው ማነው? በከር። ትናንት ትምህርት ሲያልቅ ወደኋላ የቀረው ማነው? በከር። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ከአፉ መስማት እፈልጋለሁ።»

«ዓርብ ጠዋት ወደ ላይ ይተላለፋል። እዚያ ሄደህ ስማው።»

በር ላይ የቆሙት ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ሳቁ። በዚያ ዓመት፣ በ1970፣ ከልደታ ቀበሌዎች «ወደ ላይ» ተላልፎ የተመለሰ ሰው ማንም አያውቅም ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው። ሸዋንግዛው ቆቡን አንሥቶ ሲወጣ በልቡ ቆጠረ፤ አንድ ቀን ተኩልና ሁለት ሌሊት ቀርቶታል።

* * *

የጋሽ ፍሰሐ ክፍል ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ አራት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላም ማስተማር አልተዉም። ሥራ የያዙ ጎልማሶች ከሥራ ሲወጡ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እዚህች ክፍል እየመጡ ይማሩ ነበር።

ሬሳው ተነሥቷል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ «ጎ» እና «ዌንት» የሚሉት ቃላት በትልልቁ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፉ ናቸው። ወንበሩ ተገልብጧል። የከሰል ካውያው ከወንበሩ አጠገብ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ቀይ እስክሪብቶና ሦስት ደብተሮች አሉ።

ሸዋንግዛው ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሯልና እየተንገዳገደም ቢሆን እንግሊዝኛ ያነባል። በየገጹ አናት ላይ ቀን አለ፤ ከሥሩ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች። ሁሉም «ትናንት» ብለው ይጀምራሉ። ትናንት ሱሪ ሰፋሁ፤ ትናንት በአውቶቡስ ሄድኩ። የመጨረሻው ገጽ በሦስቱም ላይ የማክሰኞ ግንቦት 15 ነው። በሦስቱም ላይ ቀይ እርማት አለበት።

የመጀመሪያው የበከር ነው። ሁለተኛው ሀረገወይን የምትባል ታይፒስት ደብተር ነው፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች በፊት አንድ ቅጠል ተቀዷል። ሸዋንግዛው ይህን በማስታወሻው ያዘ። ሦስተኛውን ሲገልጥ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ቃጣው። ሽጉጡን እንደ ወረቀት መጫኛ የሚያጋድመው ኃይለመለኮት «ትናንት ወደ ስብሰባ ሄድኩ» ለማለት ግሡን አበላሽቶ ጽፏል። ጋሽ ፍሰሐ በቀይ አክብበውበታል። ከሥሩ ሊቀ መንበሩ እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ምላሱን እንዳወጣ በሚያስታውቅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም በየመስመሩ አንድ «ዌንት» እያሰፈረ ሰባት መስመር ሞልቷል።

«ሬሳውን ያገኙት እርስዎ ነዎት?» አላቸው በር ላይ የቆሙትን ሴት።

«እኔው ነኝ ጌታዬ። ትርንጎ እባላለሁ፤ ያቺ ቤት የኔ ናት። ቁርሳቸውን ሳመጣ…» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ማታ ምንም አልሰሙም?»

«ማን ቤቱ ነበር ብለው! ውይይት ክበብ ሄደን። የቀረ ሰው ስኳር አይሰጠውም። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስወጣ በመስኮት ‹ደህና አምሹ ጋሼ› አልኳቸው፤ ያንን ቀይ እስክሪብቶ አነሡልኝ። ደብተር ሲያርሙ ነበር።»

«ብቻቸውን?»

«ከመስኮቱ ጠረጴዛው ብቻ ነው የሚታይ። ያወሩ ነበር፤ ለብቻቸው ነው ብዬ አለፍኩ። አስተማሪ አይደሉ? አስተማሪ ለብቻው ያወራል።» ወደ ክፍሉ ውስጥ እያዩ ጨመሩ። «ልጄን ገረሱንም እሳቸው ናቸው ያስተማሩት። ቀበሌ ታስሯል፤ አምስት ወሩ። በየቀኑ ምሳ አደርስለታለሁ። ዛሬ ሳህኑ ጥርግ ብሎ ነው የመጣልኝ። እንዲህ በልቶልኝ አያውቅም።»

* * *

በከርን ለማነጋገር አሥር ደቂቃ ተፈቀደለት፤ ያውም ጠባቂ ባለበት። የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የአንድ ባለጸጋ ጋራዥ ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው የወሎ ሰው፣ ግንባሩ አብጦ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሏል። እግሩን መሬት ላይ ለማሳረፍ አልቻለም።

«ካውያው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው! ሱሪያቸውን ሊተኩሱበት ሰኞ ዕለት የወሰዱት ናቸው! በሰው ካውያ ሰው ከሞተ ባለካውያው ነው ገዳዩ? እንደሱ ከሆነ የመንግሥትን ጠመንጃ…»

«ዝም በል አንተ!» አለ ጠባቂው።

«አልልም! ከዚህ በላይ ምን ታደርጉኛላችሁ?»

ሸዋንግዛው ጠባቂውን ዘወር ብሎ አየውና «በኮት የተጨቃጨቃችሁት ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ገልብጥልኝ አሉኝ፤ ያረጀ ኮታቸውን። የውስጡ ወደ ውጭ ሲገለበጥ አዲስ ይመስላል። ሳምንት አዘገየሁባቸው። ‹አንተ ቀጣፊ› አሉኝ፤ ‹ጋሼ፣ መርፌ እኮ እንደ ደርግ ነው፤ ቢለምኑትም አይሰማም› አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይኼ ነው ጭቅጭቁ!»

«ትናንት ከሌሎቹ በኋላ ቀርተሃል ይባላል።»

«እኔ? እኔማ ቀድሜ ነው የወጣሁት። ሊቀ መንበሩ ራሱ ‹ሂድና የስብሰባውን አግዳሚ ደርድር› ብሎ ገና አሥራ ሁለት ሳይሞላ አስነሣኝ። ብቻዬን አርባ አግዳሚ ተሸከምኩ። ደርድሬ ጨርሼ፣ ሕዝቡም ተቀምጦ፣ እሱ የሚመጣው አንድ ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ላይ! መቼም ስናረፍድ እኛን…»

«በቃ!» አለ ጠባቂው። በሩ ተዘጋ።

ሸዋንግዛው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሲራመድ ጥርሱን ነክሶ ነበር። በአሥራ ሁለት ተኩል ጋሽ ፍሰሐ በሕይወት ነበሩ። በዚያን ሰዓት በከር አግዳሚ ተሸክሞ ነበር፤ ያየውም አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። በሌላ ዘመን ይህን ለአለቃው አቅርቦ በከርን ቤቱ ያስገባው ነበር። አሁን ግን የበከርን ንጽሕና ማሳየት በከርን አያድንም። በበከር ቦታ የሚቆም ሰው ማግኘት አለበት።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለው መሥሪያ ቤት ሀረገወይንን አስጠራት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ደብተሯን እጁ ላይ ስታይ ከንፈሯ ነጣ።

«ይህን ቅጠል ማነው የቀደደው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ለምን?»

ዞራ በሩን አየች።

«ስሚኝ እህቴ፤ አንድ ሰው ነገ ጠዋት ሊሞት ነው። አንቺ ቅጠል ቀደሻል፤ ጋሽ ፍሰሐ ተገድለዋል። እኔ ባልጠይቅሽ ቀበሌው ይጠይቅሻል።»

«ራሳቸው ናቸው ቅደጂው ያሉኝ!» አለች እንባዋ ግንፍል ብሎ። «ጋሽ ፍሰሐ ውሸት አያርሙም። ‹ያለፈ ነገር ስትጽፉ የሆነውን ጻፉ፤ ያልሆነውን ለመጻፍ ሌላ አስተማሪ ፈልጉ› ይሉናል። እኔ ሞኟ ዓርብ ያደረግሁትን ጻፍኩ። ወንድሜን ከተደበቀበት ቤት ወደ ሌላ ቤት ወሰድኩት ብዬ። አነበቡና ‹ልጄ፣ ግሡ ልክ ነው፤ አሁን ቅደጂና ዋጪው› አሉኝ። እውነት ዋጥኩት!»

ሸዋንግዛው ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ልጅቷ ውሸታም አይደለችም። አንድ ሙሉ ሌሊት ያብሰለሰለው ቅጠል ሆዷ ውስጥ ነው።

«ስለ ወንድምሽ አልሰማሁም» አለ። «ማክሰኞ ስንት ሆናችሁ ነው የተማራችሁት?»

«አራት።»

«ሦስት ደብተር ነው ያገኘሁት።»

«የዳዲስ? የቀበሌው ሾፌር። ማክሰኞ እሱም ደብተሩን አስረክቧል፤ ከኔ ሥር ነበር የተቀመጠው።»

ሸዋንግዛው ጻፈ። ኃይለመለኮት ስለ አራተኛ ተማሪ ትንፍሽ አላለም ነበር።

«አወጣጣችሁ እንዴት ነበር?»

«በከር ቀደመ። እኔና ዳዲ አብረን ወጣን። ሊቀ መንበሩ ‹ጥያቄ አለኝ› ብሎ ጫማውን ሲያስር ነበር፤ ከኋላችን የወጣ መሰለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለበት። ካለፈ ለንግድ ሥራ ውጭ አገር ይልኩታል ይባላል።»

«ጋሽ ፍሰሐስ የሚያርሙት መቼ ነው? እናንተ እያላችሁ?»

«በጭራሽ። ‹ፊታችሁን እያየሁ ቀይ አላፈስም› ይላሉ። ከሄድን በኋላ አርመው በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልናል። ወደ ሥራ ስንሄድ እናነሣለን፤ የተሳሳትነውን ቃል ቤታችን አሥር ጊዜ ጽፈን ማታ እናመጣለን። አሥር ካልሞላ አይቀበሉም። አንዴ ዘጠኝ ጽፌ ባመጣ መለሱኝ።»

«አሥር» አለ ሸዋንግዛው።

«አሥር።»

ከቦርሳው ሦስተኛውን ደብተር አውጥቶ ገለጠው። መስመሮቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አንዴ ቆጠረና ደገመ። ሰባት። ሰባተኛው መስመር የመጨረሻ ፊደሉ እንኳ አልተዘጋም።

ደብተሩ የታረመው ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ነው። ጠዋት መስኮት ላይ አልወጣም፤ ከጠረጴዛው ያነሣው ሸዋንግዛው ራሱ ነው። ታዲያ ኃይለመለኮት ቀዩን እርማት የት አይቶ ነው ከሥሩ በሰማያዊ የጻፈው?

«ምነው ጌታዬ?» አለች ሀረገወይን።

«ምንም። ወደ ሥራሽ ግቢ። እዚህ አልመጣሁም።»

* * *

ዳዲ የቀበሌውን ላንድሮቨር ከግንቡ ጥግ አቁሞ ያጥባል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሸዋንግዛው ሲጠጋው ጨርቁን አልጣለም።

«ደብተርህ የት አለ?»

«ጠፋ።»

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ሾፌር ነኝ ጌታዬ። ንዳ ሲሉኝ እነዳለሁ፤ አቁም ሲሉኝ አቆማለሁ።»

«ሰኞ ዕለት ወዴት ንዳ አሉህ?»

ጨርቁ በባልዲው ውስጥ ወደቀ። ዳዲ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሞከረና እዚያው ቁጢጥ ብሎ ቀረ።

«ጋሽ ፍሰሐ አምስት ዓረፍተ ነገር ይላሉ» አለ ወደ ውሃው እያየ። «ትናንት ያደረጋችሁትን። ሰኞ ዕለት ሌላ ያደረግሁት ነገር አልነበረም። ልጽፍ ቁጭ አልኩ፤ ሌላ ነገር ፈለግሁ፣ አጣሁ። እንግሊዝኛ ማን ያነበዋል ብዬ ጻፍኩት። ሊቀ መንበሩን ጫንኩ። ገረሱን ጫንን። ወደ ጫካው ሄድን። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ሁለት ሆነን ተመለስን።»

«የትርንጎን ልጅ?»

«የእትዬ ትርንጎን።»

«ከላይ ትእዛዝ ነበረው?»

«ምንም አልነበረም! ልጁ ሰድቦት ነው፤ በሰው ፊት። በማግስቱ ‹አፍህን ብትከፍት አንተም እዚያው ነህ› አለኝ።»

ሸዋንግዛው ባዶ የሆነው ሳህን ትዝ አለው። «የሚያመጡትን ምግብ ማነው የሚበላው?»

«ዘበኞቹ» አለ ዳዲ። «ወጧ ይጣፍጣል ይላሉ።»

መቶ አለቃው ባልዲውን በእግሩ ጠለዘው። ውሃው ግንቡን መታና በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። የጠለዘው ዳዲን አልነበረም፤ ዳዲ ግን እጁን ወደ ፊቱ አነሣ።

«ይህን ትፈርምልኛለህ?»

«ይገድለኛል።»

«ካልፈረምክ በከርን ነው የሚገድለው። ቀጥሎ አንተ ነህ። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ እኮ።»

ዳዲ ተነሣ። እጁን በሱሪው አድርቆ እስክሪብቶውን ተቀበለ።

* * *

አሥር ሰዓት ላይ ሸዋንግዛው የሊቀ መንበሩን ቢሮ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

«ማን ፈቅዶልህ ነው?» አለ ኃይለመለኮት።

«ማክሰኞ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እኔን ነው የምትመረምረው?»

«አንተን ነው።»

«ከሁሉ ጋር ወጣሁ። ስብሰባ መራሁ። አምስት መቶ ሰው አይቶኛል።»

«ሃያ ደቂቃ አርፍደህ። ደብተርህንስ መቼ ነው መልሰህ የወሰድከው?»

«አልወሰድኩም። እዚያው ነው የቀረው።»

«እዚያው ነው የቀረው» አለ ሸዋንግዛው። «ሽማግሌው እናንተ ከወጣችሁ በኋላ አረሙት። አንተ ከእርማቱ ሥር ሰባት መስመር ጽፈሃል። ሦስት ይቀርሃል። ምን አቋረጠህ?»

ኃይለመለኮት ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። ዓይኑ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«ተኩስ» አለው ሸዋንግዛው። «ጣቢያ ያስቀመጥኩት መዝገብ ውስጥ ደብተርህ አለ፤ የዳዲ ቃልም አለ። አንዱ ቅጂ እስከ ነገ ካልተመለስኩ ለላይኞቹ ይደርሳል። ስለ ሽማግሌው ላይገዳቸው ይችላል። ያለ ትእዛዛቸው እስረኛ ገድለህ መሸሸግህ ግን ይገዳቸዋል።»

ከዚያ ኃይለመለኮት እንደ ተበደለ ሰው መናገር ጀመረ።

«ያንን ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። ለዚህ ነው የቀረሁት። የኔን አስቀድሞ አረመልኝ፤ አሥር ጊዜ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ! እኔ፣ ይህ ሁሉ ቀበሌ የሚንቀጠቀጥልኝ፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት! እሱ የሌሎቹን እያረመ ዳዲ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ‹ይህን አላርምም፤ አንድም ስህተት የለበትም› አለ። ምንድነው ብዬ አነበብኩት። ‹ለእናቱ እኔ ራሴ ነገ ጠዋት አነብላታለሁ› አለኝ። ጋሼ ተው አልኩት። ጋሼ ብዬ ለመንኩት! ‹አንተ ጽሕፈትህን ጨርስ› አለኝ።»

«ከዚያ?»

«ካውያው እዚያው ነበር።» ላቡን ጠረገ። «ልታስረኝ አትችልም። ዘበኞቹ ከበር አያሳልፉህም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

ሸዋንግዛው ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት ሃያ ሁለት ዓመቱን ሁሉ መዋጥ ነበረበት። ገዳዩ ከፊቱ ተቀምጧል፤ አምኗል። እሱ ግን እንደ ገበያተኛ ሊደራደር ነው።

«በከርን ፍታልኝ» አለ። «ነገ ጠዋት፣ በወረቀት፣ በፊርማህ።»

«ደብተሩንስ?»

«ደብተሩ እኔ ዘንድ ይቆያል። ዘላለም ሊቀ መንበር አትሆንም።»

* * *

ዓርብ ጠዋት በቀበሌው በር ፊት ስንቅ ያመጡ ሴቶች እንደ ወትሮው ተሰልፈዋል። ሸዋንግዛው የተፈረመውን ወረቀት ይዞ በጎን በኩል ባለችው ትንሽ በር አጠገብ ቆመ። ከውስጥ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማል።

ዳዲ ከላንድሮቨሩ ወርዶ ወደ ሰልፉ ሲሄድ አየው። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም ነበር። ትርንጎ ዘንድ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ስንቁን ይመልሱት።»

«ምነው? ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት?»

«ሰኞ ዕለት ነው። እኔ ነበርኩ የነዳሁት።»

«ሰኞማ እንዴት ይሆናል?» አሉ ትርንጎ፣ የተሳሳተ ሰው ለማረም በሚናገሩበት ድምፅ። «ማክሰኞ በልቷል። ረቡዕ በልቷል። ትናንትም…» ሳህኑን አዩት። በር ላይ የቆሙትን ጠባቂዎች አንድ በአንድ አዩአቸው። «እናንተ ናችሁ?» አሉ። «እናንተ ናችሁ ስትበሉ የሰነበታችሁት?»

አንደኛው ጠባቂ ዓይኑን ሰበረ።

በአብዮት ጠላትነት ለሞተ ሰው ማልቀስ የተከለከለ ነበር። ትርንጎ ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው ወገባቸው ላይ አሰሩና «ገረሱ!» ብለው ጮኹ። ደረታቸውን መቱ። «ገረሱ! ልጄን ገድላችሁ ምሳውን በላችሁ!»

«ዝም በይ ሴትዮ! ዝም በይ!» ጠባቂው መሣሪያውን አቀባበለ።

ከኋላ የቆመችው ሴት ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና እሷም ነጠላዋን አወረደች። ቀጥሎ ሌላዋ። እስካሁን የየራሳቸውን ልጅ ስም ለመጥራት የፈሩት ሁሉ በገረሱ ስም መጮህ ጀመሩ። ሱቆች እየተከፈቱ ሰው ወጣ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶችም ተቀላቀሉ። ኃይለመለኮት በረንዳው ላይ ወጥቶ «በትን! በትን!» ይላል፤ ጠባቂዎቹ እሱን ያያሉ፣ ሴቶቹን ያያሉ፣ አንዳቸውም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ዳዲ በመካከላቸው ተንበርክኳል፤ ትርንጎ በሁለት እጃቸው ጀርባውን ይደበድቡታል፤ አይከላከልም።

ሸዋንግዛው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም። ወረቀቱ እጁ ላይ ተጨማዶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ወደ ሕዝቡ ይመለከት ነበር።

ትንሿ በር ከኋላው ተከፈተች። በከር ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። በግንቡ ጥግ ጥግ እያነከሰ ሜክሲኮ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሄደ።